ሲስተሯ ልጃችሁን ሳትነካው ቆማ የምታየው ለምንድን ነው?



በውስጥ መስመር በተደጋጋሚ የሚደርሰኝ ቅሬታ አለ። «ዶክተር፣ ልጄ በትኩሳት እየነደደ ወሰድኩት፣ ነርሷ ግን ዝም ብላ ቆማ ታየዋለች። ከኛ በኋላ የመጣ ልጅ ደግሞ ቀድሞን ገባ።» ንዴቱ ይገባኛል። ግን ያ ቆሞ ማየት ራሱ ምርመራ ነው። እንዴት እንደሚሠራ ካወቃችሁ ደግሞ ግማሹን ቤታችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ።

ትንሽ ልጅ «እዚህ ጋ ያመኛል» አይልም። የማያውቀው ሰው ሲነካው ያለቅሳል፣ ካለቀሰ ትንፋሹም የልብ ምቱም ይፈጥናል፣ ከዚያ በኋላ የምንቆጥረው ቁጥር ብዙም አይረባንም። ስለዚህ ሲስተሯ ልጁ እናቱ ጭን ላይ እንዳለ መጀመሪያ ሁኔታውን ታያለች። ዙሪያውን ያያል? እናቱን በዓይኑ ይከተላል? ለቅሶው ጠንካራ ነው ወይስ ደከም ያለ? (በነገራችን ላይ እየጮኸ የሚራገጥ ልጅ እኔን ብዙም አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ መርፌ ሲወጋ እንኳን ዝም የሚለው ነው።) ቀጥላ የቆዳውን ቀለም ታያለች። እኛ ጠቆር ስለምንል ለውጡ ፊት ላይ ቶሎ አይለይም፣ ለዚህ ነው ከንፈሩን፣ ምላሱንና መዳፉን የምታየው።

ዋናው ግን አተነፋፈሱ ነው። የሳንባ ምች አሁንም በአገራችን ብዙ ሕፃናትን ከሚገድሉ በሽታዎች አንዱ ነው፣ ምልክቱ ደግሞ ያለ ምንም መሣሪያ በዓይን ይታያል።

ቤት ውስጥ እንዲህ አድርጉ። ልጁ ሲተኛ ወይም ሲረጋጋ ጠብቁ፣ ጡት እየጠባ ከሆነ ይጨርስ። ልብሱን ከፍ አድርጉና ስልካችሁ ላይ 1 ደቂቃ ያዙ። ሆዱ ወይም ደረቱ ከፍ ብሎ ዝቅ ሲል አንድ ብላችሁ ቁጠሩ። 15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት የለም! የሕፃን ትንፋሽ ወጥ አይደለም፣ ትንሽ ይፈጥናል፣ ትንሽ ቆም ይላል፣ ስለዚህ ሙሉ ደቂቃ ያስፈልጋል። ዕድሜው ከ2 ወር በታች ከሆነ 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ደግሞ 40 እና ከዚያ በላይ ፈጣን ነው እንላለን። የሚያስል ልጅ ትንፋሹ እንዲህ ከፈጠነ በዚያው ቀን መታየት አለበት።

ስትቆጥሩ ደረቱንም አስተውሉ። ጤነኛ ልጅ አየር ሲያስገባ ደረቱም ሆዱም ወደ ውጭ ይነፋል። አየር ባስገባ ቁጥር የታችኛው የደረቱ ክፍል ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ፣ የአፍንጫው ቀዳዳ የሚሰፋ ከሆነ፣ ወይም በየትንፋሹ የሚያቃስት ከሆነ «እስከ ነገ እንየው» አይባልም። እባካችሁ የጎረቤት ልጅ የተረፈውን አሞክሳሲሊን ፍለጋ አትሂዱ። እንጥል ማስቆረጥ ደግሞ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ያመጣል እንጂ ሳል አያድንም። ይሄን ስል አያቶችን ለመውቀስ አይደለም፣ እነሱም ያዩትን ነው የሚነግሩን።

ተራውን በተመለከተ፣ ሕፃናት ሲመጡ በሦስት ይለያሉ። ወዲያው ሕክምና የሚጀመርላቸው ድንገተኞች፣ ቅድሚያ የሚሰጣቸው፣ ተራ መጠበቅ የሚችሉ። 2 ወር ያልሞላው ጨቅላ በራሱ ቅድሚያ ያገኛል። በዚህ ዕድሜ ሰውነቱ 37.5 ወይም ከዚያ በላይ ቢሞቅ፣ ወይም ከ35.5 በታች ቢቀዘቅዝ ሌላ ምልክት ባይኖር እንኳን አደገኛ ነው። ስለዚህ ሌላ ልጅ ሲያልፋችሁ አብዛኛውን ጊዜ የእናንተ ልጅ የተሻለ ስለሆነ ነው። ግን ወረፋ ላይ እያላችሁ ልጁ ከደከመ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም አተነፋፈሱ ከተለወጠ ተነሱና ጮክ ብላችሁ ተናገሩ። ይሉኝታ አይዛችሁ።

ሲስተሯ የምትጠይቀውም በዘፈቀደ አይደለም። ይጠጣል ወይስ ጡት እምቢ አለ? የወሰደውን ሁሉ ያስመልሳል? አንቀጥቅጦት ነበር? ለመንቃት ይቸገራል? ከእነዚህ አንዱ እንኳን «አዎ» ከሆነ ነገሩ ተለወጠ ማለት ነው። ሽንት መቼ እንደሸናና ቤት ምን መድኃኒት፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደሰጣችሁም ተናገሩ። ጠርሙሱን ይዛችሁ ብትመጡ ደግሞ ሥራችን ይቀላል። ባህላዊ ሕክምና ሞክራችሁ ከሆነም አትደብቁ።

«ሳል ነው ያለበት፣ ክብደት ምን ያደርጋል?» የሚሉም አሉ። የልጅ መድኃኒት የሚሰላው በኪሎ ነው። ለምሳሌ ፓራሲታሞል በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም ነው፣ 10 ኪሎ ለሆነ ልጅ በአንድ ጊዜ ከ100 እስከ 150 ሚሊግራም፣ በየ6 ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ከ4 ጊዜ ሳይበልጥ። የሽሮፑ ጥንካሬ እንደ ፋብሪካው ስለሚለያይ ጠርሙሱን አንብቡ። በሻይ ማንኪያ አትለኩ፣ መለኪያው ወይም ሲሪንጁ ይሻላል። ከ2 ወር በታች ላለ ሕፃን ግን ሐኪም ሳያየው አትስጡት።

ለተጎዳ ልጅ በአጭሩ፦ ቃጠሎ ከሆነ ለ20 ደቂቃ የቧንቧ ውሃ አፍስሱበት፣ የጥርስ ሳሙናና ሊጥ አይቀባም። ወድቆ ጭንቅላቱን ተመትቶ ደጋግሞ ካስመለሰ፣ ራሱን ከሳተ ወይም ያለወትሮው ካንቀላፋ ወዲያው ወደ ሆስፒታል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይገኛል።

አንድ ነገር ልጨምር። ማታ አተነፋፈሱ ካስፈራችሁ ልብሱን ገልጣችሁ ለ1 ደቂቃ ቪዲዮ ቅረጹት፣ ግን እሱን ለመላክ ብላችሁ ጉዞውን አታዘግዩ። እኛ ጋ ስትደርሱ ልጁ እያለቀሰ ቢሆን እንኳን፣ ተረጋግቶ ሳለ እንዴት ይተነፍስ እንደነበር ከስልካችሁ እናያለን።