ኪኒኑን ሲዘሉት አያምም፤ ችግሩም እዚያው ላይ ነው

በአገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተጀመረው በመስከረም 2008 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ውስጥ ነው። ኩላሊቱን የሚሰጠው በሕይወት ያለ ዘመድ ነው፤ እናት፣ እህት፣ ወንድም። ከዳባት ወይ ከደባርቅ ከ800 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ንቅለ ተከላ ያደረገ ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ የዘመዱን ኩላሊትና ዕድሜ ልኩን የሚውጠውን ኪኒን ይዞ ይመጣል።

ስለ ኦፕሬሽኑ ብዙ ይወራል። ስለ ኪኒኑ ግን ማንም አያወራም። እስቲ ዛሬ እናውራው።

ሰውነታችን የራሱ ያልሆነን ነገር ያባርራል። ኩላሊቱን የሰጠችው እናት ብትሆንም ለሰውነት ዘበኞች ባዕድ ነው። ታክሮሊመስ፣ ማይኮፌኖሌት፣ ፕሬድኒሶሎን የሚባሉት መድኃኒቶች እነዚህን ዘበኞች ያዳክማሉ። ታክሮሊመስ ብዙ ጊዜ በየ12 ሰዓቱ ይወሰዳል፤ ጠዋት 2 ሰዓት ከሆነ ማታም 2 ሰዓት። ደም ውስጥ ያለው መጠን ካነሰ ሰውነት ኩላሊቱን ማጥቃት ይጀምራል። ከበዛ ደግሞ መድኃኒቱ ራሱ ኩላሊቱን ይጎዳል። በሁለቱ መሃል ያለው ቦታ በጣም ጠባብ ነው።

ምን መሰላችሁ፣ የጨጓራ መድኃኒት ብትዘሉ ጨጓራችሁ ይነግራችኋል። ይሄኛው ግን አይናገርም። አንድ ቀን ቢዘለል ምንም አይሰማም፤ ሦስት ቀንም ላይሰማ ይችላል። ሽንት ይወጣል፣ እንጀራ ይበላል፣ ሥራ ይሠራል። በደም ምርመራ ክሬቲኒን ከፍ ብሎ እስኪታይ ድረስ ሰውየው "ደህና ነኝ" ይላል። ያኔ ጉዳቱ የማይመለስ ሊሆን ይችላል፤ ቀጣዩ መንገድ ወደ እጥበት ነው።

ታዲያ ለምን ይዘለላል? "ግድ የለሽ ስለሆነ ነው" ማለት ይቀላል። በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ግን ጭንቀትና ድብርት ያለበት ሰው መድኃኒቱን የመዝለል ዕድሉ ከፍ እንደሚል፣ ወጣቶችም የበለጠ እንደሚቸገሩ አሳይተዋል። ፕሬድኒሶሎን ፊት ያሳብጣል፣ ብጉር ያወጣል። ታክሮሊመስ እጅ ያንቀጠቅጣል። በ20 ዓመቱ ሰልፊ መነሳት ያስጠላው፣ ሰው ፊት የቡና ሲኒ ለመያዝ የሚሳቀቅ ልጅ ኪኒኑን ቢጠላ ይፈረድበታል? የገንዘቡም ሐሳብ አለ። የእናትም ዓይን አለ፤ ምንም ሳትናገር "የሰጠሁህን ጠብቀው" የምትልበት።

እኛ ጋ ደግሞ መንገዱ አለ። ከደባርቅ እስከ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በሰላሙ ጊዜ ደርሶ መልስ የአንድ ቀን ጉዳይ ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት ግን መንገድ መቼ እንደሚዘጋ አይታወቅም። የሞባይል ኢንተርኔትም ለወራት ተቋርጦ ነበር። ኪኒኑ እያለቀ መንገድ የተዘጋበት ሰው የአንድ ቀኑን ለሁለት ቀን ለማብቃቃት ይሞክራል። ይሄ ስንፍና አይደለም። ስለዚህ የመጨረሻዋ ፍሬ እስክትቀር አትጠብቁ፤ ገና ሁለትና ሦስት ሳምንት ሲቀረው መፈለግ ጀምሩ፣ ሐኪሙንም ከተቻለ የበለጠ ወር እንዲያዝ ጠይቁት።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን መደበቁ ነው። አንድ ልጅ የሳምንቱን ግማሽ ዘሎ ቀጠሮው ላይ ቀረበ እንበል። "በሥርዓቱ ነው የምወስደው" አለ። ሐኪሙ ደሙን ሲያይ መድኃኒቱ አንሷል፤ ስለዚህ መጠኑን ጨመረለት። ልጁ ደንግጦ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሙሉውን መዋጥ ጀመረ። አሁን ደግሞ በዛበት፤ ኩላሊቱን የሚጎዳው ራሱ መድኃኒቱ ሆነ። "ማክሰኞና ሐሙስ ማታ አልወሰድኩም" ቢል ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር። እውነቱን ለመናገር ጥያቄውም መስተካከል አለበት። "ትወስዳለህ አይደል?" ከተባለ መልሱ "አዎ" ነው። "በዚህ ሳምንት ስንት ጊዜ አመለጠህ?" ሲባል ግን ሰው ይናገራል።

ጠበል የሚጠመቅ ሰውም ኪኒኑን ማቆም የለበትም። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ከኤችአይቪ ጋር የሚኖሩ ምዕመናን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በግልጽ መናገራቸው ይታወሳል። ጾም ሲመጣ የንስሐ አባትን ማማከር ነው። ጥሬ ሥጋና ያልተፈላ ወተት ግን ይቅሩባችሁ፤ የሰውነት ዘበኛ ደክሟል ብለናል። ፋርማሲ ስትገቡም ንቅለ ተከላ ማድረጋችሁን ቀድማችሁ ተናገሩ። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ኩላሊት ይጎዳሉ፤ ክላሪትሮማይሲንና ፍሉኮናዞል ታክሮሊመስን ደም ውስጥ ያበዙታል።

ሰዓቱ ብዙም ሳያልፍ ካስታወሳችሁ የረሳችሁትን ውሰዱ። የሚቀጥለው ከደረሰ ግን ሁለቱን ደርባችሁ አትዋጡ፤ ለሐኪማችሁ ደውሉ። አላርም ስትሞሉም ልብ በሉ፦ ስልካችሁ በፈረንጅ አቆጣጠር ከሆነ ለጠዋቱ 2 ሰዓት የሚሞላው 8:00 ነው። 2:00 ብላችሁ ከሞላችሁት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ቤተሰቡን ሁሉ ይቀሰቅሳል።