ስለ ሊኑክስ

ኮምፒዩተር ሲከፈት ከምንጠቀምባቸው ፕሮግራሞች አስቀድሞ ተነሥቶ፣ ለዲስኩም ለቁልፍ ሰሌዳውም ሥራቸውን የሚያከፋፍለው ሥርዓት ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይባላል፤ በአገራችን ብዙው ሰው ከዚህ ወገን የሚያውቀው ምንጭ የሚባለው የውስጥ ጽሕፈቱ ከሕዝብ የተሰወረውን ዊንዶውስን ስለ ሆነ፣ ጽሕፈቱ ለሁሉ የተገለጠውን ሊኑክስን ለአንባቢ ማስተዋወቅ ተገቢ ነው።

በአውሮፓ አቈጣጠር በ1983 ሪቻርድ ስቶልማን የተባለ አሜሪካዊ፣ ሰው ሁሉ የሚያነበውና የሚያርመው ሥርዓት ለማዘጋጀት ዐወጀ፤ በ1991 ደግሞ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊነስ ቶርቫልድስ ከርነል የሚባለውን የሊኑክስን እምብርት ጽፎ አወጣ፤ በማግሥቱም ዓመት ጂፒኤል በተባለው የስቶልማን ፈቃድ ሥር አዋለው። በዚህ ፈቃድ ማንም ሰው ጽሕፈቱን መርምሮ፣ አባዝቶና አሻሽሎ ሊሸጠው እንኳ ይችላል፤ ነገር ግን ያሻሻለውን ለሌላ ሲያስተላልፍ ምንጩን ደብቆ ለራሱ ብቻ ሊያስቀረው አይችልም።

የጋራ የሆነ ነገር ጠባቂ የለውም የሚሉ ሰዎች አሉ። በሰሜን ሸዋ በዘመሮና በመላው መንዝ ያለ ሰው ግን፣ የአገሩ አባቶች ቄሮ በተባለው የጋራ አጠባበቅ ሥርዓት አባ ቄራ የሚባል አለቃ መርጠው ጓሳ የተባለውን የጋራ መሬት ሣር ለዓመታት እየዘጉ፣ በወሰኑት ቀንም እየከፈቱ እንዴት እንዳቈዩት ያውቃልና፣ የጂፒኤልን ምስጢር ለመረዳት ከማንም ይልቅ የቀረበ ነው።

ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው የፊደላችን ነገር ነው። የግእዝ ፊደል በአውሮፓ አቈጣጠር በ1999 ዩኒኮድ በተባለው የኮምፒዩተር የፊደላት መዝገብ ከመጽደቁ በፊት፣ ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ ፊደሉን በላቲን ቁልፎች የመጻፍን ሥርዓት ሲያዘጋጁ፣ ታካሃሺ ናኦቶ የተባለ ጃፓናዊ ደግሞ ኢማክስ በተባለው ክፍት የጽሕፈት ፕሮግራም ውስጥ አማርኛ እንዲጻፍ አደረገ፤ ይህንም ያደረገው ምንጩ ክፍት ስለ ነበረ፣ የአንድ ኩባንያ ይሁንታ ሳያስፈልገው ነው። ብዙ ቋንቋዎች ገበያቸው ትንሽ ነው ተብለው በሚዘነጉበት ዓለም፣ ይህ ታላቅ ጸጋ ነው።

በእረኛው ኪስ ያለው የአንድሮይድ ስልክም ቢሆን እምብርቱ ሊኑክስ ነው። በየትምህርት ቤቱ ጥግ አርጅተው የተቀመጡ ኮምፒዩተሮችንም ቀላል የሆኑት የሊኑክስ ዓይነቶች ብዙ ጊዜ ሊያንቀሳቅሷቸው ይችላሉ፤ እርግጥ ነው፣ ለዊንዶውስ ብቻ የተሠሩ አንዳንድ ፕሮግራሞች በሊኑክስ ላይ አይሠሩም። ስለዚህ የኮምፒዩተር መምህራን ሆይ፣ ኡቡንቱ ወይም ዴቢያን የተባለውን የሊኑክስ ዓይነት በፍላሽ ጭናችሁ፣ በዲስኩ ላይ ያለውን ሳትነኩ ለተማሪዎቻችሁ አሳዩአቸው፤ ምንጩንም ከፍተው እንዲያነቡ ፍቀዱላቸው።