ስርጭቱ ሲቆራረጥ «አፈኑን» ከማለታችን በፊት

ቀጥታ ስርጭት ላይ ድምፅ በተቆራረጠ ቁጥር «አፈኗችሁ እንዴ?» የሚል መልእክት ይጎርፍልናል። አፈና የለም አንልም፤ አገር ቤት ኢንተርኔት ሲዘጋ አይተናል። ግን ብዙ ጊዜ ችግሩ እዚሁ ጠረጴዛ ሥር ነው።

ኢተርኔት በ1973 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ዜሮክስ የምርምር ማዕከል ውስጥ ሲጀመር ኮምፒውተሮቹ ሁሉ አንድ ኬብል ይጋሩ ነበር። ባለ አንድ መስመር ድልድይ በሉት። እኛ መሪ ጨብጠን የምንውል ሰዎች ይህ ይገባናል፦ ድልድዩ ባዶ ነው ብለህ ትገባለህ፣ ከወዲያ ያለውም ባዶ ነው ብሎ ይገባል፣ መሃል ላይ ትፋጠጣላችሁ። ኮምፒውተሮቹም መጀመሪያ ያዳምጣሉ፣ መስመሩ ጸጥ ካለ ይልካሉ፤ ሁለት እኩል ከላኩ መልእክቱ ይበላሻል። ያኔ ሁለቱም ያቆሙና እያንዳንዱ በዕጣ የወጣለትን ያህል ጠብቆ እንደገና ይሞክራል። ዕጣ ባይኖር እኩል ጠብቀው፣ እኩል ተነስተው ደግመው ይጋጩ ነበር። ግጭት ሲደጋገም የዕጣው ወሰን እየሰፋ ይሄዳል፤ 16 ጊዜ ከተጋጨ ግን ያንን መልእክት ይተወዋል። ጨዋ ሕግ ነው፤ መገናኛ አደባባይ ላይ በኖረን!

ሀብ የሚባለው አሮጌ ዕቃ ይህንኑ አንድ መንገድ ነው የሚያከፋፍለው፤ ከአንዱ የገባውን ለሁሉም ይረጨዋል። ስዊች ግን ልምድ እንዳለው የታክሲ ረዳት ነው። መልእክቱ የሚታሸግበት ፍሬም ላይ የላኪው ማክ አድራሻ አለ፤ ስዊቹ እሱን እያየ ማን በየትኛው ፖርት እንዳለ ይመዘግባል። ከዚያ የእያንዳንዱን በየፖርቱ ያወርዳል። መዝገቡ ላይ የሌለ ተቀባይ ከመጣ፣ ከገባበት ፖርት በቀር ለሁሉም ይልከዋል፤ ባለቤቱ ሲመልስ ቦታውን ያውቃል። ፉል ዱፕሌክስ ላይ ደግሞ መሄጃና መመለሻው ስለሚለይ ግጭት የሚባል የለም።

አደገኛው ድብልቁ ነው። በ100 ሜጋቢት ዕቃ ላይ አንዱን ጫፍ በእጃችን ፉል ዱፕሌክስ ላይ ቆልፈን ሌላውን አውቶ ላይ ከተውነው፣ አውቶው ወደ ሃፍ ዱፕሌክስ ይወርዳል። አንዱ ሳያይ ይነዳል፣ ሌላው እየቆመ ያሳልፋል። ክፋቱ፣ ቀላል ነገር ደህና ይሠራል፤ ቪዲዮ ሲጫንበት ነው የሚንገዳገደው።

ዋይፋይማ ዛሬም ያው ባለ አንድ መስመር ድልድይ ነው፤ ጎረቤትም ይሻማዋል። ስለዚህ የማኅበር ወይም የቤተ ክርስቲያን ስርጭት የምታስተላልፉ፣ ኮምፒውተሩን በኬብል ስዊች ላይ ሰኩት፣ ሁለቱንም ጫፍ አውቶ ላይ አድርጉት። አሁንም ከተቆራረጠ፣ ያኔ ኢንተርኔት አቅራቢያችሁ ጋ ደውሉ።

ቸር እንሰንብት።