"ራይት ኦፍ" የተደረገ ዕዳ ተሰረዘ ወይስ ከመዝገብ ወጣ?

ከባንክ፣ ከመድን ድርጅትና ከሂሳብ አዋቂ በሚወጡ የእንግሊዝኛ ጽሑፎች ላይ አዘውትረው ከሚታዩት አነጋገሮች አንዱ "ራይት ኦፍ" ነው። "ራይት" ብቻውን መጻፍ ማለት ነው። "ኦፍ" ሲጨመርበት ግን ትርጉሙ ተለውጦ አንድን ሀብት ዋጋ የለውም ብሎ ከመዝገብ ማውጣት ይሆናል። በአማርኛ ብዙ ጊዜ "መሰረዝ" እየተባለ ስለሚተረጎም፣ ብድሩ "ራይት ኦፍ" ተደርጓል የተባለ ነጋዴ ከዕዳ የተገላገለ ሊመስለው ይችላል። ይህ አተረጓጎም ቤት ሊያሳጣ ይችላል።

ባንክ ያበደረው ገንዘብ በመዝገቡ ላይ እንደ ሀብት ይቆጠራል። ተበዳሪው መክፈል ሲያቆምና ገንዘቡ የመመለስ ተስፋው ሲመነምን፣ ባንኩ ከትርፉ ቀንሶ መጠባበቂያ ይይዛል፤ በመጨረሻም ብድሩን ከመዝገቡ ያወጣዋል። ይህ ግን ባንኩ የራሱን ሂሳብ ለማጥራት የሚፈጽመው የውስጥ ሥራ እንጂ ከተበዳሪው ጋር የተደረገ ስምምነት አይደለም። ውሉ እንደጸና፣ መያዣውም እንደተያዘ ይቆያል። አዋጅ ቁጥር 97/1990 ደግሞ በውል መብቱ የተሰጠው ባንክ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት መሄድ ሳያስፈልገው መያዣውን በሐራጅ እንዲሸጥ ፈቅዷል።

ይሁን እንጂ ያው ቃል ዕዳን መማርንም የሚገልጽበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 የቡድን 8 አገሮች በስኮትላንድ ግሌንኢግልስ ተሰብስበው የድሃ አገሮች ዕዳ እንዲሰረዝ ሲስማሙ፣ ኢትዮጵያም ከተጠቃሚዎቹ አንዷ ነበረች። የእንግሊዝኛ ጋዜጦች ይህንንም "ራይት ኦፍ" ብለውታል። ልዩነቱ እዚያ አበዳሪዎቹ ገንዘቡን እንደማይጠይቁ ለተበዳሪዎቹ ማስታወቃቸው ነው። ስለዚህ ቃሉ ሲገጥም መጠየቅ ያለበት፣ የተጻፈው በአበዳሪው መዝገብ ላይ ብቻ ነው ወይስ ለባለዕዳው ነው የሚለው ነው። ከዕዳ ነፃ መሆንን የሚያረጋግጠው አበዳሪው ለባለዕዳው በጽሑፍ የሚሰጠው ማስረጃ ነው።

በዱቤ ሸጦ ገንዘቡ ለቀረበት ነጋዴም ቃሉ ሌላ ፋይዳ አለው። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት የማይሰበሰብ ዕዳ በወጪነት የሚያዘው፣ ሽያጩ ቀደም ሲል በገቢነት ተመዝግቦ ከሆነ፣ ዕዳው ከሂሳብ መዝገብ ከወጣና ነጋዴው ለማስመለስ አስፈላጊውን ጥረት አድርጎ ካልተሳካለት ነው። እንዲሁ "አይከፍለኝም" ብሎ መተው አይበቃም።

በመድን በኩል ደግሞ መኪና "ራይት ኦፍ" ሆነ ሲባል፣ ከዋጋው አንጻር ማስጠገኑ አያዋጣም ማለት ነው።

በአጻጻፍ ረገድ፣ ግሡ በሁለት የተለያዩ ቃላት ይጻፋል፤ ስም ሲሆን በመካከሉ ጭረት ይገባበታል። "እሱን" ለማለት "ራይት ኢት ኦፍ" ይባላል እንጂ "ራይት ኦፍ ኢት" አይባልም። "ራይት ዳውን" የሚለው ደግሞ የሀብቱን የመዝገብ ዋጋ ዝቅ ማድረግ እንጂ ፈጽሞ ማውጣት ስላልሆነ፣ ሁለቱን አለማምታታት ይገባል።