ደቻቱ በስቱዲዮ ውስጥ ሲሞላ

ደቻቱን በበጋ ያየ እንግዳ ወንዝ ነው ቢሉት ለማመን ይቸገራል። የድሬዳዋን ሰፈሮች ከዚራንና መጋላን የሚለየው ሰፊ አሸዋ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደርቆ ይከርማል፤ ሰው በእግሩ ያቋርጠዋል። ከደጋው የወረደ ዝናብ ግን የድሬዳዋ ሰማይ ጠርቶ እያለ እንኳ ሊሞላው ይችላል። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ጎርፉ የመጣው ሰው በተኛበት ነው። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙ ሺህ ሰዎች ከቤታቸው ተፈናቀሉ።

ስለ ቴሌቪዥን ግራፊክስ በሚያወራ መጽሐፍ ውስጥ ይህን ለምን እንዳነሳሁ ልንገራችሁ። ምናባዊ ስቱዲዮ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የሚያብረቀርቅ የዜና አዳራሽን ወይም የኳስ ጨዋታ አሰላለፍን ነው። እኔ ግን መሣሪያው እንደ ድሬዳዋ ላለ ከተማ ትልቁን ውለታ የሚውለው ገና ያልመጣን ጎርፍ ሲያሳይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህ ህልም አይደለም፤ ተሠርቷል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2018 ፍሎረንስ የተባለው አውሎ ነፋስ ወደ ሰሜን ካሮላይና ሲቃረብ፣ ዘ ዌዘር ቻናል የተባለው የአሜሪካ ጣቢያ አንዲት አቅራቢ ስቱዲዮ ውስጥ አቁሞ ውሃውን በዙሪያዋ ከፍ አደረገው። መጀመሪያ 3 ጫማ ሞላ፤ ቀጥሎ 6 ሆነና መኪና ማንሳፈፍ ጀመረ፤ 9 ጫማ፣ ማለትም 2.7 ሜትር ገደማ ሲደርስ ከራሷ እጅግ ከፍ አለ። ሴትየዋን አንዲት ጠብታ አልነካቻትም። ተመልካቹ ግን በካርታ ላይ ቀይ ቀለም ሆኖ ያየውን ቁጥር ከሰው ቁመት ጋር አስተያየው።

እንዴት ይሠራል? አቅራቢዋ የምትቆመው አረንጓዴ በተቀባ ግድግዳና ወለል መካከል ነው። ሶፍትዌሩ አረንጓዴውን ነጥሎ ያወጣና በቦታው ኮምፒውተር የሠራውን ዓለም ይተካል። አረንጓዴ የተመረጠው ከሰው ቆዳ ቀለም ስለሚርቅ ነው። እዚህ ድረስ ጥበቡ አሮጌ ነው፤ ጭንቁ የሚመጣው ካሜራው ሲንቀሳቀስ ነው። ካሜራው ወደ ግራ ሲዞር የኮምፒውተሩ ዓለምም በዚያው ልክ ካልዞረ አቅራቢዋ በውሃው ላይ የምትንሸራተት ትመስላለች። ስለዚህ ካሜራው ላይ የተገጠመ መከታተያ ያለበትን ቦታ፣ አቅጣጫውንና የሌንሱን ዙም ሳያቋርጥ ይልካል። ኮምፒውተሩም ውሃውን ልክ ከዚያ ቦታ እንደሚታይ አድርጎ ይሥለዋል።

ጊዜው ደግሞ ጠባብ ነው። በሰከንድ 25 ምስል ለሚያሰራጭ ጣቢያ እያንዳንዱ ምስል የሚደርሰው 40 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። የፊልም ባለሙያ ለአንድ ምስል ሰዓታት ሊወስድ ይችላል፤ የቀጥታ ስርጭት ግን አይጠብቅም። ኮምፒውተሩ ሥዕሉን ለማዘጋጀት ጥቂት ምስሎች ያህል ስለሚዘገይ ድምፁም ሆን ተብሎ በዚያው መጠን እንዲዘገይ ይደረጋል፤ አለዚያ የአቅራቢዋ ከንፈርና ቃሏ አይገጥሙም።

ይህን ፍጥነት ያመጡት ለቪዲዮ ጌም የተሠሩ የምስል ሞተሮች ናቸው። ዋነኛው አንሪል ኢንጂን ነው፤ እንደ ኖርዌዩ ፒክሶቶፕ፣ እንደ ቱርኩ ዜሮ ዴንሲቲና እንደ ሃንጋሪው አክሲሜትሪ ያሉት የስርጭት ሶፍትዌሮች በእርሱ ላይ የተገነቡ ወይም ከእርሱ ጋር የሚሠሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው 5ኛው ትውልዱ ሉመን የተባለ የብርሃን ስሌት ይዞ መጣ። ቀድሞ ብርሃኑና ጥላው አስቀድመው ተሰልተው ሥዕሉ ላይ ይጣበቁ ስለነበር በቀጥታ ስርጭት መሀል ፀሐይ ማጥለቅ ከባድ ነበር። አሁን ጭቃማው ውሃ ከፍ ሲል ከላዩ የሚመለሰው ብርሃን በዚያው ቅጽበት ይሰላል፤ ቀኑም ዓይናችን እያየ ይመሻል። በ2024 የወጣው 5.4 ደግሞ ለጽሑፍና ለተንቀሳቃሽ ግራፊክስ የሚሆን የራሱን የሥራ ክፍል ጨመረ።

ጽሑፉን አቅልላችሁ እንዳታዩት። ድሬዳዋ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ የምትነጋገር ከተማ ናት። የመጀመሪያው በግዕዝ ፊደል፣ ሁለቱ በላቲን ይጻፋሉ። በአማርኛ ሁለት ቃል የሆነ ማስጠንቀቂያ በሌላው ቋንቋ ስክሪኑ ላይ የተዘጋጀለትን የጽሑፍ ሰሌዳ ዳር አልፎ ሊወጣ ይችላል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ሶፍትዌሮች የየራሳቸውን ኮድ ይጠቀሙ ስለነበር ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄድ ጽሑፉ ይበላሽ ነበር። ዛሬ የሰሌዳው ስፋት ከቃሉ ርዝመት ጋር አብሮ እንዲለጠጥ አድርጎ መሥራት ይቻላል፤ አንድ ንድፍ ለሦስቱም ቋንቋ ይበቃል።

ሙቀቱም አለ። የግራፊክስ ካርድ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ 40 ሚሊሰከንዱ አይበቃውምና ምስሉ ይንተባተባል። በድሬ ፀሐይ ለማሽን ክፍሉ ማቀዝቀዣ መግዛት ከሶፍትዌሩ ግዢ እኩል ሊታሰብበት ይገባል።

አሁን ወደ ደቻቱ ልመልሳችሁ። እኔ አዘጋጅ ብሆን 9 ጫማ ውሃ አላሳይም። የአሜሪካ የአየር ጠባይ አገልግሎት በኃይል የሚወርድ 15 ሴንቲሜትር ውሃ ትልቅ ሰውን ሊጥል፣ 30 ሴንቲሜትር የሚሆነው ደግሞ አነስተኛ መኪናን ሊወስድ እንደሚችል ያስጠነቅቃል። 15 ሴንቲሜትር ከቁርጭምጭሚት ብዙ አይርቅም። አሸዋውን ዕድሜ ልኩን ሲሻገር የኖረ ሰው የሚንቀው ይህንኑ ውሃ ነው፤ ስለዚህ ካሜራው ከአቅራቢዋ እግር ቢጀምር ይሻላል። የስክሪኑ ማዕዘን ላይም «ማሳያ» የሚል ቃል በሦስቱም ቋንቋ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይቀመጥ። ምስሉ እውነት እስኪመስል ድረስ ተሠርቷልና ያለዚያ ቃል ቁራጩ በስልክ ተላልፎ ከተማውን በሐሰት ሊያስሸብር ይችላል፤ በእውነተኛው ቀን ደግሞ የሚያምን ይጠፋል።

የሚተላለፍበት ወርም መመረጥ አለበት። የ1998ቱ ጎርፍ የመጣው ሌሊት ነው፤ በዚያ ሰዓት ቴሌቪዥን የከፈተ ቤት ጥቂት ነው። ምናባዊው ውሃ መሙላት ያለበት በግንቦት፣ አሸዋው ገና ደረቅ ሳለ፣ ቤተሰቡ እራት ላይ ተሰብስቦ ሳለ ነው። አቅራቢዋ ውሃው ቁርጭምጭሚቷን ሲያልፍ ዞር ብላ በየትኛው መንገድ ወደ ከፍታው እንደሚወጣ በእጇ ታሳያለች፤ ካሜራውም እጇን ተከትሎ ይዞራል።