ማሽኑ ከቆመ በኋላ የሚቀረው አቧራ

ባለፈው መስከረም ለመስቀል ጉብሬ ስገባ ወንድም ጋሼ ገና ማሽኑ ላይ ነበር። ከአዲስ አበባ ዘመድ ሳይደርስ ወንበሩን፣ ቁም ሳጥኑን የሚያሳድሰው ደንበኛ ብዙ ነው፤ የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. እዚያው ጉብሬ ማስተማር ከጀመረ ወዲህ ደግሞ የተከራይ አልጋና ጠረጴዛ መሥራት ለእሱ ዋና እንጀራ ሆኗል። በር ላይ የተቀበለችኝ የአምስት ዓመት ልጁ ናት። አቅፌ ስስማት ፀጉሯ ላይ የተነሰነሰው ነገር ዱቄት መሰለኝ፤ እናቷ ስትነፋ አጠገቧ የዋለች ነው ያልኩት። ሰጋቱራ ነበር።

ወርክሾፑ ከፊት፣ መኖሪያው ከኋላ ነው፤ መካከላቸው ያለው አንድ በር ብቻ ነው። ማታ እራት ላይ እያለን መብራት ጠፋ። ሻማ ፍለጋ በስልኬ መብራት ወደ ወርክሾፑ ገባሁ። ማሽኖቹ ከቆሙ ከአንድ ሰዓት በላይ ሆኗል፤ ብርሃኑ ግን ጭጋግ ውስጥ የገባ የመኪና መብራት ይመስል ነበር። ወንድም ጋሼን ጠርቼ አሳየሁት። «ቀን እኮ ምንም አይታይም» አለኝና እንደ ልማዱ ሳለ።

እርስዎም ይህን ሙከራ ዛሬ ማታ ሊያደርጉት ይችላሉ። የእንጨት ሥራ ቤት ባይኖርዎት እንኳ የወጥ ቤት ካቢኔ እቤትዎ ውስጥ እያስቆረጡ ከሆነ፣ ወይም በጓሮዎ መጋዝና ማለስለሻ ማሽን ካለዎት ጉዳዩ ይመለከትዎታል። ኤምዲኤፍ የደቀቀ የእንጨት ክር በሙጫ ታምቆ የሚሠራ ስለሆነ ሲቆረጥና ሲለሰልስ በጣም ደቃቅ አቧራ ያወጣል።

ከእግራችን ሥር የሚከመረው ሰጋቱራ ለሳንባ ያን ያህል አያሰጋም፤ ይጠረጋል፣ ለምድጃ ይሆናል። ችግሩ ያለው የማይታየው ላይ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት ወደ 70 ማይክሮን ገደማ ነው (አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺሕኛ ነው)። ነፋስ በሌለበት ክፍል 10 ማይክሮን የሆነ ብናኝ ከቁመታችን ልክ ወርዶ ወለል ለመንካት 8 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። አንድ ማይክሮን የሆነው ግን ወደ 12 ሰዓት ይፈጅበታል። ወንድም ጋሼ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ዘግቶ ጠዋት 12 ሰዓት ሲከፍት፣ የትናንቱ አቧራ ገና አየር ላይ አድሮ ይጠብቀዋል ማለት ነው። በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው ዓለም አቀፍ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም እ.ኤ.አ. በ1995 የእንጨት አቧራን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ተርታ መድቦታል፤ የተጠቀሰው በተለይ የአፍንጫና በዙሪያው ያሉ ክፍት ቦታዎች ካንሰር ነው።

አዲስ አበባ ስመለስ የአየር ማጣሪያ ፍለጋ ጀመርኩ። ሙያዬ ማርኬቲንግ ነውና ካርቶን ላይ የሚጻፍ ቃል እንዴት እንደሚመረጥ አውቃለሁ። «ሄፓ» እና «የሄፓ ዓይነት» አንድ አይደሉም። እውነተኛው ሄፓ 0.3 ማይክሮን ከሆኑት ብናኞች ከመቶ 99.97 መያዝ አለበት፤ «ዓይነት» የምትለው ቃል ግን ሻጩን ምንም አታስገድደውም። ርካሽ የአቧራ መሳቢያ ማሽኖች ላይ የሚንጠለጠለውን ከረጢትም ስንት ማይክሮን እንደሚይዝ ይጠይቁ። 30 ከተባለ ፍቅፋቂውን ይዞ ደቃቁን ወደ ክፍሉ የሚመልስ ነው። የአየር መጠኑም ቢሆን ብዙ ጊዜ ፊልተርም ቱቦም ሳይገጠም የተለካ ነው፤ እኔ ሲሰላ ሲሶውን እቀንሳለሁ።

ስሌቱ ቀላል ነው። የወንድም ጋሼ ወርክሾፕ 5 በ6 ሜትር፣ ከፍታው 3 ሜትር ነው፤ 90 ሜትር ኩብ። አየሩ በሰዓት 8 ጊዜ እንዲጣራ ከፈለግን 720 ሜትር ኩብ በሰዓት ያስፈልገናል። ሲሶው እንደሚቀንስ ካሰብን ማራገቢያው 1,080 ገደማ የተጻፈበት መሆን አለበት። ቁጥሩ በሲኤፍኤም ከተጻፈ በ1.7 ያባዙት።

ነገር ግን ኪስዎ ከመግባትዎ በፊት አንድ ነገር ልንገርዎ። ጣሪያ ላይ የሚሰቀለው ማጣሪያ ማሽኑ ላይ የቆመውን ሰው አያድነውም፤ አቧራው ወደ ፊልተሩ የሚደርሰው በአፍንጫው በኩል አልፎ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ አቧራውን ከመጋዙ ሥር መያዝ ይገባል። ለዚህ ቫኪዩም ከማሽኑ ጋር በቱቦ ይገናኛል፤ በመካከል ክዳኑ በደንብ የሚገጥም ባልዲ ይገባል። ከመጋዙ የሚመጣው ቱቦ በባልዲው ጎን አግድም ገብቶ አየሩን ያሽከረክረዋል፣ ወደ ቫኪዩሙ የሚሄደው ከክዳኑ መሐል ይወጣል። ከባዱ ሰጋቱራ ባልዲው ውስጥ ይወድቃል፣ የቫኪዩሙ ፊልተርም ቶሎ አይደፈንም።

ሁለተኛው በር መክፈት ነው። በብርድ አገር አየሩን አጣርቶ ወደ ክፍሉ የሚመልሱት ሙቀቱን ከፍለውበት ስለሆነ ነው። ጉብሬ ላይ ይህ ወጪ የለብንም፤ ፊት ለፊት የሚተያዩ በርና መስኮት ትልቅ ሥራ ይሠራሉ። የእኛ ችግር የኋላው በር ወደ ማድቤቱ መከፈቱ ነው። እሱን ዘግተን በጎን ግድግዳ፣ ጎረቤት በሌለበት በኩል መስኮት አወጣን። ዝናብ ሲመጣ ግን ሁሉም ይዘጋል፤ ማጣሪያው የሚያስፈልገው ያኔ ነው።

የሠራነው ሳጥን እ.ኤ.አ. በ2020 በኮቪድ ጊዜ ሪቻርድ ኮርሲ የተባሉ የአካባቢ መሐንዲስና ጂም ሮዘንታል የተባሉ የፊልተር ነጋዴ አሜሪካ ውስጥ ያስተዋወቁት ነው። አራት ፊልተሮች አራቱን ጎን ይሆናሉ፣ ታቹ ይደፈናል፣ ላዩ ላይ ማራገቢያ አየሩን ወደ ላይ እንዲተፋ ሆኖ ይቀመጣል። ፊልተሮቹን አዲስ አበባ ውስጥ አየር ማቀዝቀዣ ከሚገጥሙ ሰዎች አገኘሁ፤ መርቭ 13 የሚባለው ደረጃ ከ1 እስከ 3 ማይክሮን ካለው ብናኝ ቢያንስ 85 በመቶውን ይይዛል። አሜሪካኖቹ ታቹን በካርቶን ነው የሚደፍኑት፤ ለወንድም ጋሼ ግን ካርቶን ስድብ ነው። በጣውላ ፍሬም ሠርቶለት፣ ክቡን ማራገቢያ ልክ የሚያስገባ ቀዳዳ ከኮምፔንሳቶ ቆርጦ፣ ክፍተቱን ሁሉ በፕላስተር ዘጋ። ቫርኒሽ ሊቀባው ሲል ነው የከለከልኩት።

ቫርኒሽን ካነሳን አይቀር፣ ይህ ሳጥን የቀለምና የቲነር ጭስ አይይዝም። ቀለም በሚረጭበት ጊዜም መጥፋት አለበት፤ ከሞተር የሚወጣ ብልጭታ የቲነርን ትነት ሊያቀጣጥል ይችላል። ደቃቅ የእንጨት አቧራ ራሱ አየር ላይ ተበትኖ እሳት ካገኘ ይፈነዳልና የተጠራቀመውን ወደ ምድጃ አይበትኑት። ፊልተሩን በኮምፕሬሰር መንፋትም ክልክል ነው፤ ይቀደዳል፣ የያዘውንም ይመልሳል። ሶፍት ወረቀት አስጠግተው ሳይለጠፍ ሲቀር ይቀይሩት።

ለፋሲካ ስሄድ ነጭ የነበሩት ፊልተሮች በሶ መስለው ጠበቁኝ። ማታ ሥራ ቆሞ ሳጥኑ ግማሽ ሰዓት ከሠራ በኋላ መብራት አጥፍተን በስልክ አየን። ጥቂት ብናኝ አሁንም ይንሳፈፋል፤ ብርሃኑ ግን እስከ ወዲያኛው ግድግዳ ዘልቆ የተንጠለጠሉትን መጋዞች አሳየን። ወንድም ጋሼ የሥራ ልብሱን እዚያው ሰቅሎ፣ ታጥቦ ነው አሁን ወደ ቤት የሚገባው።

ማስክ ላይ ግን አልተስማማንም። ሲያለሰልስ ኤን95 እንዲያደርግ ብለምነውም «ለአንድ ጠረጴዛ?» ይላል። ሚስቱ አልተከራከረችውም። ማታ ማታ ማስኩን በማለስለሻው ማብሪያ ላይ ታጠልቀዋለች፤ ጠዋት ሳያነሳው ማሽኑን ማስነሳት አይችልም።