የቆዳ ቦርሳ የካርድ ኪስ የእጅ ስፌት

የካርድ ኪስ የእጅ ስፌት በቆዳ የኪስ ቦርሳ ውስጥ መታወቂያ፣ መንጃ ፈቃድና የባንክ ካርድ የሚገቡባቸውን ተደራራቢ ኪሶች ከቦርሳው ጀርባ ጋር የማያያዝ ሥራ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚሠራው በአንድ ክርና በሁለት መርፌ በሚሰፋው የኮርቻ ስፌት ነው። ጨርቅ ሲሰፋ መርፌው በድርና ማጉ መካከል ስለሚያልፍ፣ ስፌቱ ሲፈታ ቀዳዳው መልሶ ይገጥማል። ቆዳ ግን ድርና ማግ የለውም፤ አንዴ የተበሳ ቦታ እንደተበሳ ይቀራል። በዚህ ምክንያት የኪሱ ማማርና አለመቀደድ በአብዛኛው የሚወሰነው ክሩ ከመግባቱ በፊት፣ በልኩ፣ በቆዳው ምርጫና በቀዳዳዎቹ አደራደር ነው።

የመቀደድ ምክንያቶች

የካርድ ኪስ በአብዛኛው የሚቀደደው በሦስት ቦታዎች ነው። የመጀመሪያው የስፌቱ መስመር ነው። ቀዳዳዎቹ በጣም ከተቀራረቡ መስመሩ እንደ ቴምብር ጠርዝ ይሆንና ቆዳው በዚያው ይተረተራል። ሁለተኛው የቆዳው ጠርዝ ነው፤ ቀዳዳው ወደ ጠርዙ ከተጠጋ ክሩ ቆዳውን ቆርጦ ይወጣል። ሦስተኛው የኪሱ አፍ ግራና ቀኝ ጫፍ ነው። ካርድ በገባና በወጣ ቁጥር አፉ ስለሚለጠጥ ጉልበቱ ሁሉ የሚያርፈው እዚያ ባሉት አንድ ሁለት ቀዳዳዎች ላይ ነው።

ልክ

የባንክ ካርዶች መጠን አይኤስኦ/አይኢሲ 7810 በተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ የተወሰነ ሲሆን፣ ርዝመቱ 85.60 ሚሊሜትር፣ ወርዱ 53.98 ሚሊሜትር፣ ውፍረቱ 0.76 ሚሊሜትር ነው። ካርዱ ተጋድሞ የሚገባበት ኪስ ከግራው ስፌት እስከ ቀኙ ስፌት 90 ሚሊሜትር ያህል ቢሰጠው ካርዱ ሳይጨናነቅ ይገባል። ስፌቱ ከጠርዙ 3 ሚሊሜትር ገባ ብሎ ስለሚያልፍ የቁራጩ ሙሉ ስፋት 96 ሚሊሜትር ይሆናል። ኪሱ ከጠበበ አፉ ሁልጊዜ እንደተወጠረ ይቆያል፤ ከሰፋ ደግሞ ካርዱ ይንሸራተታል።

የቆዳ ምርጫ

ለካርድ ኪስ ከ0.8 እስከ 1 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ቆዳ ይመረጣል። የፍየል ቆዳ ስስ ሆኖም ጠንካራ ስለሆነ ለዚህ ሥራ ይስማማል። በጓንት ሥራ የታወቀው የኢትዮጵያ ደጋ በግ ቆዳ ለስላሳና ተለጣጭ ነው፤ ለጓንት የሚጠቅመው ይኸው ባሕርዩ ግን የኪሱን አፍ በጊዜ ብዛት ሊያሰፋው ይችላል። ስለዚህ በበግ ቆዳ ሲሠራ ከውስጥ የማይለጠጥ ስስ ገበር ይለጠፍበታል።

ቆዳ በእንስሳው የጀርባ አጥንት አቅጣጫ ሲሳብ ብዙም አይለጠጥም፤ ወደ ጎን ሲሳብ ግን ይለጠጣል። የሆድ አካባቢ ቆዳ ደግሞ ከሁሉም በላይ ልል ነው። ቁራጮቹ ሲቆረጡ የኪሱ አፍ ከጀርባ አጥንቱ ጋር ትይዩ ከሆነ አፉ ቶሎ አይከፈትም።

የኪሶቹ አደራረብ

ሦስት ኪሶች እያንዳንዳቸው ሙሉ አራት ማዕዘን ሆነው ከጀርባው ጋር ቢደራረቡ፣ ባለ 1 ሚሊሜትር ቆዳ በጠርዙ ላይ 4 ሚሊሜትር ይወፍራል። ቦርሳው ከመወፈሩም በላይ መብሻው ቀጥ ብሎ ስለማያልፍ ስፌቱ በኋላ በኩል ይጣመማል። ይህን ለማስቀረት የውስጠኞቹ ኪሶች «ቲ» የተባለውን የላቲን ፊደል በሚመስል ቅርጽ ይቆረጣሉ። ከላይ ያለው ትከሻ እስከ ጠርዙ ይደርሳል፤ ከሥሩ ያለው ክፍል ግን ጠበብ ስለሚል ወደ ጎን ስፌቱ አይገባም። የእያንዳንዱ ኪስ ታች በአግድም መስመር ከጀርባው ጋር ይሰፋል፣ ከዚያም ቀጣዩ ኪስ ከ10 እስከ 12 ሚሊሜትር ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። ከፊት ያለው የመጨረሻው ኪስ ብቻ ሙሉ አራት ማዕዘን ይሆናል። በዚህ አሠራር የጠርዙ ውፍረት ወደ 2 ሚሊሜትር ይወርዳል።

ቁራጮቹ ከመሰፋታቸው በፊት በማስቲሽ ይጣበቃሉ። ማስቲሹ የሚቀባው ከጠርዙ እስከ ስፌቱ መስመር ባለው 3 ሚሊሜትር ላይ ብቻ ነው፤ ወደ ውስጥ ካለፈ ኪሱን ያጠበዋል።

ቀዳዳ አበሳስ

መስመሩ በኮምፓስ ይሰመርና ቀዳዳዎቹ በጥርሳም መብሻና በመዶሻ ምልክት ይደረግባቸዋል። በቀዳዳዎቹ መካከል ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር ርቀት የተለመደ ነው። የመብሻው ጥርሶች ሰያፍ መሆናቸው ለውበት ብቻ አይደለም። ቀዳዳዎቹ በመስመሩ ላይ ተከታትለው ቢሰነጠቁ አንዱ ስንጥቅ ከሌላው ጋር ሊገናኝ ይችላል፤ ሰያፍ ሲሆኑ ግን በመካከላቸው በቂ ቆዳ ይተርፋል።

የኪሱ አፍ በትክክል በቀዳዳ ላይ እንዳያርፍ አስቀድሞ ይለካል። አንዱ ቀዳዳ ከአፉ በላይ፣ ሌላው ከአፉ በታች ሲሆን ክሩ አፉን ተሻግሮ ይይዘዋል። እዚህ ቦታ ላይ ክሩ ሁለት ጊዜ እንዲመላለስ ይደረጋል።

አሰፋፍ

ለዚህ ሥራ ከ0.4 እስከ 0.6 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው፣ ሰም የተቀባ የተልባ እግር ወይም የፖሊስተር ክር ያገለግላል። ርዝመቱ ከሚሰፋው መስመር 4 እጥፍ ያህል ይሆናል። በሁለቱም ጫፎች ጫፉ የደነዘዘ መርፌ ይሰካል፤ ሹል መርፌ በሌላው ክር ውስጥ ሊያልፍ ስለሚችል አይመረጥም።

አንደኛው መርፌ በመጀመሪያው ቀዳዳ አልፎ ክሩ በሁለቱም በኩል እኩል ይደረጋል። ከዚያ በኋላ በየቀዳዳው ሁለቱም መርፌዎች ከተቃራኒ አቅጣጫ ያልፋሉ። ሁልጊዜ ቀድሞ የሚገባው ያው አንዱ መርፌ ነው፤ ሁለተኛውም ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ክር በአንድ በኩል ያልፋል። ቅደም ተከተሉ ከተቀየረ ስፌቱ አንዱ ሰያፍ ሌላው ቀጥ ያለ ሆኖ ይታያል። ክሩ የሚሳበው ቆዳው ላይ እስኪያርፍ ድረስ ነው። ቆዳው ከተጨማደደ ወይም ቀዳዳው ከተለጠጠ አሳሳቡ በዝቷል ማለት ነው።

በስፌት መኪና ስፌት ላይኛውና ታችኛው ክር በቆዳው መካከል ስለሚቆላለፉ አንዱ ሲበጠስ ሌላው ይላላል። በኮርቻ ስፌት ግን ሁለቱም የክሩ ጫፎች በየቀዳዳው ስለሚያልፉ አንዱ ቢበጠስ ሌላው ኪሱን ይዞ ይቆያል።

በመጨረሻ ስፌቱ ሁለት ወይም ሦስት ቀዳዳ ወደ ኋላ ይመለስና ክሩ ይቆረጣል። የፖሊስተር ክር ጫፍ በላይተር በትንሹ ቀልጦ ይጫናል፣ የተልባ እግር ክር ደግሞ በማስቲሽ ይያዛል። ከዚያም ስፌቱ በመዶሻ ቀስ ተብሎ ይመታል።

ጥገና

የተቀደደ መስመር በአሮጌዎቹ ቀዳዳዎች መካከል አዲስ ቀዳዳ በመብሳት አይጠገንም፤ ይህ የተረፈውን ቆዳ ያዳክማል። ክሩ ተፈትቶ ከኋላ ስስ ቆዳ ይለጠፍና፣ ቀዳዳዎቹ ካልሰፉ በእነሱው ውስጥ በድጋሚ ይሰፋል። ከሰፉ ግን መስመሩ ወደ ውስጥ ገባ ይላል፤ ካርዱ የሚገባበት ቦታ በዚያው ልክ ስለሚጠብ በመጀመሪያው ልክ ላይ የተተወው ትርፍ የሚጠቅመው በዚህ ጊዜ ነው።